እግሬ ጄሶ ውስጥ ነው፤ ከሶፋዬ ሳልነሳ ሩቅ አገር እንዴት ልሂድ?

እግረ ጄሶ፦
ሰላም ናችሁ? ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት ከቤት አትውጪ ተብያለሁ። ሁለቱ አልፈዋል። መጓዝ ስለምወድ «ካልሄድኩ ይምጣልኝ» ብዬ በየቀኑ አንድ አገር መረጥኩ። ሰኞ ጃፓን፣ ማክሰኞ ሜክሲኮ፣ ረቡዕ ግሪክ። አንድ ምግብ፣ ጥቂት ዘፈን፣ ከመጽሐፍ ሦስት አራት ገጽ። በአምስተኛው ቀን ሁሉም ተደባለቀብኝ። የትኛው ዘፈን የየት እንደነበር እንኳ አላስታውስም። በዚያ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ማብሰል አበሳ ነው። ይህን ነገር ከልቡ የሞከረ አለ? ከምኑ ይጀመራል? ከምግቡ፣ ከመጽሐፉ ወይስ ከዘፈኑ? እባካችሁ እህታችሁን አንድ በሏት።

ማታ አንባቢ፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ። እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። በሰባት ቀን ሰባት አገር ማለት ከኤርፖርት ሳይወጡ መዋል ነው። አንዱን ምረጪና ተቀመጪበት።

እኔ ማሊ ገብቼ ስምንት ወር ቆየሁ። ስምንት ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ኢብን ባቱታ እዚያ የቆየውን ያህል ነው። ሰውዬው የሞሮኮዋ ታንጀር ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1325፣ በ21 ዓመቱ፣ ከቤቱ ወጥቶ ግማሹን ዓለም ዞረ። ማሊ የደረሰው በ1352 ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ወጣ። ካስጻፈው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ የማሊው ክፍል አጭር ነው፣ በአንድ ማታ ያልቃል። እኔ ግን ስንቴ እንዳነበብኩት ቆጥሬ አልዘልቀውም።

የወደድኩት ነጭናጫ ስለሆነ ነው። ንጉሡ ስጦታ ልከውልሃል ሲሉት ልብስና ገንዘብ መስሎት ብድግ አለ። የመጣለት ሦስት ዳቦ፣ አንድ ቁራጭ የተጠበሰ የበሬ ሥጋና በቅል እርጎ። ሳቀባቸው። አንባቢም በእሱ ይስቃል። ደግሞ በገባ በአሥር ቀኑ ከሥራ ሥር የተሠራ ገንፎ ስድስት ሆነው በሉ። ስድስቱም ታመሙ፣ አንዱ ሞተ። እሱ ራሱ የንጋት ሶላት ላይ ተዝለፍልፎ ወደቀ፤ ሁለት ወር ተኛ። አንቺ ስድስት ሳምንት ነው ያልሽው? እንግዲህ አብራችሁ ተኙ።

ግን አንቺ የጠየቅሽው ከምኑ ይጀመር ነው። ከዘፈኑ። ዘፈን በአንድ እግር መቆም አይጠይቅም። የኔ በር ኮራ የምትባለው የክር መሣሪያ ነበረች። ትልቅ ቅል ለሁለት ይከፈልና ግማሹ ላይ ቆዳ ይወጠራል፣ 21 ክር አላት። አሥራ አንዱ የግራ እጅ ነው፣ አሥሩ የቀኝ። የሚመታው ግን በአራት ጣት ብቻ ነው፤ በሁለቱ አውራ ጣትና በሁለቱ ሌባ ጣት። የኮራ ተጫዋቹን ቱማኒ ዲያባቴን ፈልጊ። ከጊታሪስቱ አሊ ፋርካ ቱሬ ጋር በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ውስጥ፣ ኒጀር ወንዝ ዳር ባለ ሆቴል የቀዱት አልበም አለ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ። መጀመሪያ ስሰማው ሦስት ሰው የሚጫወት መስሎኝ ነበር። ከዚያ አንድ ማታ መብራት አጥፍቼ የቱማኒ አውራ ጣቶች የሚመቱትን ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ተከተልኩ። እሱ እየደጋገመ ይሄዳል፣ ሌባ ጣቶቹ ከላይ እንደ ልባቸው ይፈሳሉ። ይህን ከለየሽ በኋላ ሌላ ሙዚቃ ነው የምትሰሚው።

ኢብን ባቱታም ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሙዚቃ ሰምቷል። የንጉሡ አስተርጓሚ ዱጋ ከሥሩ ትናንሽ ቅሎች የተሰደሩበትን መሣሪያ በበትር እየመታ ንጉሡን ሲያወድስ ይነግረናል። ይህ ባላፎን ነው። ባላፎን ከፍተሽ ያንን ገጽ አንብቢው። ስድስት መቶ ሰባ ዓመት ድምፅ ሲኖረው ታያለሽ።

ምግቡን መጨረሻ ላይ ነው የሞከርኩት። ማሊዎች በባምባራ ቋንቋ ቲጋዴጌና ይሉታል፤ የኦቾሎኒ ወጥ ነው። ሽንኩርት ታቁላያለሽ፣ ሥጋና የቲማቲም ድልህ ትጨምሪያለሽ፣ ከዚያ የተፈጨውን ኦቾሎኒ በሙቅ ውሃ በጥብጠሽ ታፈሺበታለሽ። እሳቱ ይቀንስ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ይንተክተክ። መጀመሪያ ግራጫ፣ የማያምር ነገር ነው። ትዕግሥት ካለሽ ቀይ ዘይት ወደ ላይ ይወጣል፤ ያኔ ደረሰ ማለት ነው። በሩዝ ይበላል።

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። ወጡን እያማሰልኩ «ባቱታም ይህን በልቶ ይሆናል» አልኩ። አልበላም! ኦቾሎኒም ቲማቲምም የደቡብ አሜሪካ ናቸው። ኦቾሎኒን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ያሻገሩት ፖርቱጋሎች ናቸው፣ እሱ ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ። ተመልሼ መጽሐፉን ባየው ከመሬት እየተቆፈረ ስለሚወጣ ባቄላ መሳይ ፍሬ ያወራል፤ ጠብሰው ይበሉታል፣ ጣዕሙ እንደ ተጠበሰ ሽምብራ ነው ይላል። ያ የድሮው፣ የአገሩ ፍሬ ነው። አዲሱ መጤ ቦታውን ወሰደበት። ሰባት አገር ስዞር እንዲህ ያለ ነገር አንድም ቀን አላገኘሁም።

ጨው በዛ፦
የማታ አንባቢን ፖርቱጋሎች እኔ ልቀጥልበት። እኔ ሊዝበን ነኝ፣ በምናብ። ባካልያው የሚባለውን በጨው የደረቀ ዓሣ ገዝቼ አጠብ አጠብ አድርጌ ቀቀልኩት። ባሕሩን ራሱን እንደ መጠጣት ነው። ለካስ አንድ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ውሃውም ደጋግሞ ይለወጣል። ስሜን ያገኘሁት ያን ቀን ነው 😂

ፋዶ የሚባለውን የፖርቱጋሎች የትካዜ ዘፈን ለመስማት ዘፋኟን አማሊያ ሮድሪገስን ልበልሽ። ግን ስልክ እየነካካሽ አይሆንም። ፋዶ ቤቶች ውስጥ መብራቱ ይደበዝዝና «ዝም በሉ፣ ፋዶ ሊዘፈን ነው» ይባላል። ማንኪያ እንኳ አይንኳኳም። ቤትሽም እንዲሁ አድርጊ።

ሬዲዮ ወዳድ፦
ማታ አንባቢ አሪፍ ጽፈሃል፣ ግን 1352 ላይ ቆመህ የቀረህ ትመስላለህ። ባማኮ ውስጥ ዛሬም ሰው አለ እኮ። ሬዲዮ ጋርደን የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ ሉሉን ታሽከረክሪያለሽ፣ አረንጓዴዋን ነጥብ ስትነኪ የዚያ ከተማ ሬዲዮ በቀጥታ ይገባል። ቋንቋው አይገባሽም፤ ይሁን። ማስታወቂያው፣ የአቅራቢው ሳቅ፣ በዘፈን መሐል የሚደወለው ስልክ፣ እኔ አገር የምለው ያንን ነው። ሰው መርጦ ያዘጋጀልሽን ዝርዝር ብቻ ከሰማሽ የምታገኚው ለቱሪስት የተጠረገውን መንገድ ነው።

ማታ አንባቢ፦
@ሬዲዮ ወዳድ ተቀብያለሁ። ዛሬ ማታ ከፍቼ አየዋለሁ።

እግረ ጄሶ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማሊ ገብቻለሁ። ኮራውን ሦስት ማታ ሰማሁት፤ አውራ ጣቱ የተለየልኝ በሦስተኛው ነው፣ ያውም ሳልጠብቀው፣ ጥርሴን እየቦረሽኩ። ዛሬ ወንበር ምድጃው አጠገብ አስጠግቼ ወጡን ጣድኩ። የባቱታን ሕመም ሳነብ ረሳሁትና ታቹ ያዘ። ቀዩ ዘይት ግን ወጥቷል! ማታ አንባቢ፣ ቶሎ በለኝ፦ ታቹን ልፋቀውና ላማስለው?

ማታ አንባቢ፦
እንዳትነኪው! ማማሰያውን አስቀምጪ። ከላይ ከላዩ ወደ ሌላ ድስት ገልብጪ፣ የያዘውን እዚያው ተዪው።