አንደኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ኧረ አንድ በሉኝ፣ ትምርት ቤቱ ከኛ ከወላጆች ምንድነው የሚጠብቀው?

የሸዋበሯ እናት (ደሴ)

ሰላም ናችሁ እናንተዬ። ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። የመጀመሪያ ልጄ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገባ፣ ሰባት አመቱን ነሀሴ ላይ ነው የደፈነው። ኬጂ እያለ ምንም ጣጣ አልነበረብኝም፣ ጠዋት አደርሰዋለሁ ሚሷ በር ላይ ጉንጩን ስማ ትቀበለዋለች፣ ብናረፍድም "ችግር የለውም ማሚ" ነበር። አሁን ነገሩ ሁሉ ሌላ ሆኗል። በመጀመሪያው ሳምንት ስብሰባ ጠርተው ፊትና ጀርባ የተጻፈ ወረቀት አደሉን፣ ከ2 ሰአት በፊት ሰልፍ ላይ መገኘት፣ ደብተር በካኪ መሸፈን፣ ኮሚኒኬሽን ቡክ በየቀኑ መፈረም፣ በትምርት ሰአት ልጅ ለመጥራት አለመምጣት፣ ምሳ እቃ ላይ ስም መጻፍ፣ ጸጉር፣ ጥፍር ምናምን። እኔ ፈርሜ መጣሁ፣ ማን ያነበዋል ደግሞ።

ሰኞ እለት የደሴን ጉም ታውቁት የለ፣ ባጃጅ ጠፋ፣ የተገኘውም ሞልቶ ነው የሚያልፈው፣ እየሮጥን 2:05 ደረስን። በሩ ተዘግቷል። ከውስጥ ባንዲራ እየተሰቀለ መዝሙር እየተዘመረ ነው፣ ጥበቃው በቀዳዳ አይቶን "መዝሙሩ እስኪያልቅ እዛው ቁሙ" አለ፣ እኛም ውጪ አስፋልት ዳር ቀጥ ብለን ቆምን፣ ልጄ እያለቀሰም አብሮ ይዘምራል። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ዋናው ግን የቤት ስራው ነው። እኔ ከስራ የምገባው 12 ሰአት አልፎ ነው፣ ቤት የምትጠብቀው እናቴ ናት፣ እሷ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም። አንድ ማታ "ከ1 እስከ 50 ጻፉ" የሚል አለ፣ ልጁ 17 ላይ ሲደርስ እርሳሱን እንደያዘ ተኛ። አሳዘነኝ፣ የቀረውን እኔ ጻፍኩለት፣ በግራ እጄ! የልጅ ጽሁፍ እንዲመስል ብዬ። በማግስቱ ቲቸሯ ኮሚኒኬሽን ቡኩ ላይ በቀይ እስኪርቢቶ ምን ብላ ብትጽፍ ጥሩ ነው፣ "የእናት የቤት ስራ 33 ከ33። የልጁን ግን ያየሁት እስከ 17 ነው።" ባሌ ይሄው እስካሁን ይስቃል።

እና ጥያቄዬ፣ ማስተማሩ የነሱ ስራ አይደል እንዴ? ወላጅ የቱ ጋ ጀምሮ የቱ ጋ ነው የሚያቆመው? እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት?

ቲቸር ነኝ (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ፣ በግራ እጅ የጻፍሽ የመጀመሪያዋ አይደለሽም ሃሃሃ። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ሳስተምር 11 አመቴ ነው፣ የእናት ግራ እጅ ምን እንደሚመስል በደንብ አውቀዋለሁ፣ ቁጥሩ ይንጋደዳል ግን መስመሩን አይለቅም። የልጅ ቁጥር መስመር ይለቃል።

ጠዋቱን ላስረዳሽ። እኔ ክፍል 58 ልጆች አሉ፣ አማርኛውንም ሂሳቡንም አካባቢ ሳይንሱንም የማስተምራቸው እኔው ነኝ። ከሰልፍ እንደገቡ ስም እጠራለሁ፣ ከዛ ሁሉም የቤት ስራውን ገልጦ ዴስክ ላይ ያስቀምጥና እጁን አጣምሮ ይጠብቃል፣ እኔ በየረድፉ እየዞርኩ አያለሁ። የቀኑ ትልቁ ስራዬ እሱ ነው። ማን 12ን ገልብጦ 21 እንደጻፈ፣ ማን 6ና 9 እንደተምታታበት፣ ማን ከ19 ቀጥሎ የሚመጣውን እንደማያውቅ የማገኘው እዛች ደቂቃ ላይ ነው፣ ከዛም ሰሌዳ ላይ የማስተምረው በሱ ነው የሚወሰነው። አርፍዶ የመጣ ልጅ ይሄ ያልፈዋል፣ ደብተሩ ሳይታይ ይውላል፣ እሱም አልታየልኝም ብሎ ቀኑን ሙሉ ፊቱ ይጠቁራል። አንቺ የጻፍሽለት እንደሆነ ደግሞ እኔ "ይሄ ችሏል" ብዬ አልፈዋለሁ። የናንተዋ ቲቸር ስለነቃች እድለኛ ነሽ፣ እኔ ስንቱን አልፌው ይሆናል።

ስለዚ 17 ላይ ከተኛ 17 ላይ ይቁም። ከስሩ "እንቅልፍ ወሰደው" ብለሽ ፈርሚ። ስህተት ከሆነም ስህተቱን ይዞ ይምጣ፣ እኔ ምፈልገው ስህተቱን ነው። እናትሽ ፊደል አለመቁጠሯ ደግሞ ችግር አይደለም፣ እንደውም "እስኪ ይሄ ምን ይላል አስተምረኝ" ትበለው፣ ልጅ ከሱ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ሲወድ አትጠይቂኝ።

ወረቀቱ ላይ የማይጻፉ ነገሮች አሉ እሱን ልንገርሽ። ቀበቶ አታድርጊለት፣ በላስቲክ የሚወጣና የሚገባ ሱሪ ይሁን። ልጁ ለሽንት አስፈቅዶ ሲወጣ ቀበቶውን መፍታት አቅቶት ስንቱን እያለቀሰ አግኝቼዋለሁ፣ እፍረቱ ደግሞ ለሳምንት አይለቀውም። ሁለት እርሳስ ማታ ቀርጸሽ አስገቢ፣ ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ መቅረጫ ካወጣ አስሩ ተከትሎ ነው የሚሰለፈው። ምላጭ በጭራሽ እንዳይዝ። ውሀ የሚያፈስ ኮዳ ከደብተር ጋር አታድርጊ፣ በሽሮ የራሰ ደብተርም አይቻለሁ። የደሴ ሰዎች ደግሞ በብርዱ ሶስት ሹራብ ታለብሳላችሁ፣ እኛ ከናንተ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ብለን ነው ያለነው እዚ ይሄ ችግር የለም፣ ግን አንድ ጊዜ ደሴ ሳስተምር ከእረፍት በኋላ ፀሀዩ ሲወጣ ግማሽ ፔሬድ ሹራብ በማውለቅና በማልበስ ያልቅብኝ ነበር። ራሱ የሚያወልቀውን አልብሱት።

ባጃጅ ነጂው (ሐይቅ)

ቲቸር አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ እኔ አንድ ቅሬታ አለኝ። "ወላጅ ይዘህ ና" የሚሏት ነገር። ባለፈው ልጄ ወላጅ አምጣ ተብሎ መጣ፣ ደንግጬ ስራ አቁሜ ሄድኩ፣ ምን አደረገ ብል የሂሳብ ደብተሩ አልተሸፈነም! እናንተ ይሄ እኮ የግማሽ ቀን ገቢዬ ነው፣ የተሳፋሪ ሰአት ጠዋትና ማታ ነው። ኮሚኒኬሽን ቡክ ታዲያ ምን ሊሰራ ነው፣ እዛው ላይ ካኪ ግዛ ብለው ቢጽፉልኝ እገዛ ነበር። ወላጅ መጥሪያውን ለትልቅ ነገር አስቀምጡት፣ አለበለዚያ አንድ ቀን የምር ጉዳይ ሲመጣ ማንም አይመጣላችሁም።

ለእህታችን ግን እኔን የረዳኝን ልንገርሽ። የኔ ልጅ የመንግስት ትምርት ቤት ነው፣ በፈረቃ ነው የሚማሩት፣ አንድ ሳምንት ጠዋት አንድ ሳምንት ከሰአት፣ መጀመሪያ አካባቢ ልጁም እኛም ግራ ገብቶን ከሰአት ገቢ ሆኖ ጠዋት ቀስቅሰነው በር ላይ ብቻውን ቆሞ የተመለሰበት ቀን አለ። አሁን በሩ ጀርባ ሚስማር መትቻለሁ፣ ቦርሳው ማታ ተሞልቶ እዛ ነው የሚሰቀለው፣ ጠዋት ገቢ ከሆነ ዩኒፎርሙም አብሮ ይሰቀላል ከሰአት ከሆነ ቦርሳው ብቻ። ልጁ ተነስቶ ሚስማሩን ያያል፣ አለቀ። ስልክ ላይ አላርም ከሞላሁት ሁሉ ሚስማሯ በለጠች።

ሌላው አባቴ (የልጁ አያት ማለቴ ነው) ማታ ማታ ሀ ሁ ያስቆጥረዋል፣ ልጁ እንደ ዘፈን ያወርደዋል፣ እኛም ጎበዝ ብለን እናጨበጭባለን። ቲቸሩ ጠርቶ መሀል ላይ ያለችውን "ሶ" ሲያሳየው ዝም! ከ"ሰ" ተነስቶ በጣቱ እየቆጠረ ካልሄደ አያውቃትም። ይሄ እንዴት ይታረማል?

የድሮ የቄስ ተማሪ (ወልዲያ)

ባጃጅ ነጂው ይሄ የናንተ ልጅ ብቻ አይደለም፣ መድሀኒቱም የድሮ ነው። እኛ ቄስ ትምርት ቤት ሀ ሁ በዜማ ከጨረስን በኋላ የኔታ ወደ አቡጊዳ ነው የሚያዞሩን፣ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያልክ ማለት ነው፣ ፊደሉም ቅጥያውም ተዘባርቆ ነው የሚመጣው፣ ዜማው አይረዳህም አይንህ ብቻ ነው የሚረዳህ። ለምን እንደተሰራ ያኔ አይገባኝም ነበር፣ አሁን ሳስበው ልክ የልጅህን ችግር ለመፍታት ነው። ለአባትህ ይሄን ንገራቸው፣ ዘመናዊ ነው ብለው አይጠሉትም። ከቤት ካርቶን ቆርጠህ ፊደል ጻፍና በርበሬ እንደሚበጠር በትነህ "ሶን አምጣልኝ" በለው።

ከቧንቧ ውሀ (ደሴ)

ቲቸር ብዙ ተናገርሽ፣ ወረቀቱ ላይ ለኛ ብቻ ነው ህጉ። እኔ ግን ልጄ ጣቶቹ በማስመሪያ ተመትተው አብጠው ነው የመጣው፣ ለምን ስል "ስላወራ" አሉኝ። ስምንት አመቱ ነው ያወራል እንጂ ምን ያርግ። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 36 ላይ እኮ ህጻናት በትምርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ ናቸው ይላል፣ 1987 የወጣ ህግ ነው፣ የልጄ ቲቸር ራሱ ከዛ በኋላ ነው የተወለደው። የትምርት ቤቱን ስም አልጠራም፣ ግን ከወላጅ የሚጠበቀው ሲጻፍ ከመምህር የሚጠበቀውም ከጀርባው ይጻፍ።

ቲቸር ነኝ (ኮምቦልቻ)

@ከቧንቧ ውሀ ልክ ነህ፣ እሱን አልከራከርህም። እኔም ስጀምር አለንጋ ይዤ ነበር የምገባው፣ አስተማሪዎቼም እንደዛ ስለነበሩ። አሁን 58 ልጅ ዝም የማሰኘው እጄን ሁለቴ አጨበጭባለሁ እነሱ ሶስቴ ይመልሳሉ፣ በቃ። ይሄን ልማድ ለማስያዝ ግን መስከረምና ጥቅምት ሙሉ ፈጅቶብኛል። ርእሰ መምህሩ ጋ ሂድ፣ ካልሰማህ ወተመህ ጋ ሂድ፣ ወላጅም ተማሪም መምህርም ያለበት ህብረት ነው፣ ለመዋጮ ሲጠሩህ ብቻ አትሂድ።

@ባጃጅ ነጂው በደብተር ሽፋን ወላጅ መጥራት እኔንም ያሳፍረኛል። ግን ኮሚኒኬሽን ቡክ ላይ ስጽፍ ከ58ቱ ስንቱ ነው ገልጦ የሚያየው መሰለህ? አንዳንዱ ፊርማውን ልጁ ራሱ ነው የሚፈርመው፣ የአባቱን ስም በእርሳስ!

ኡሙ (ደሴ)

አሰላሙ አለይኩም፣ እኔ ልጆቼ ሶስት ናቸው፣ ከትምርት ቤት መጥተው ቁርአን ቤት ይሄዳሉ፣ ሲመለሱ መሽቷል፣ ማታ የቤት ስራ ካልኩ ቤቱ ለቅሶ በለቅሶ ነው የሚሆነው። ስለዚ ማታውን ተውኩት። ሱብሂ ሰግደን እንደጨረስን ትንሹን አስነሳዋለሁ፣ 11 ሰአት ተኩል አካባቢ ማለት ነው፣ ሻይና ዳቦ እያለ ሀያ ደቂቃ ይሰራል፣ ጭንቅላቱ ንጹህ ነው ወላሂ፣ ማታ አንድ ሰአት የሚፈጀው እዛ ላይ ያልቃል። ሸዋበሯ አንቺም ሞክሪው፣ የግድ ሰጋጅ መሆን የለብሽም ሃሃሃ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ረመዳን ሲመጣ ልጁ ካልጾምኩ ብሎ ያስቸግረኛል፣ የሰባት አመት ልጅ ግዴታው አይደለም ስለው አይሰማም፣ አምና ለቲቸሯ በወረቀት "ዛሬ ጾሟል ስፖርት ላይ እዩልኝ" ብዬ ላክሁላት፣ ክርስቲያን ናት፣ ጥላ ስር አስቀምጣ ነጥብ መዝጋቢ አደረገችው። ሳትነግሪያቸው ግን ከየት ያውቃሉ።

የሸዋበሯ እናት (ደሴ)

እናንተዬ ተመለስኩ፣ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። የኡሙን ሞከርኩት፣ የመጀመሪያዎቹን ሶስት ቀን እኔው ራሴ ነበር መነሳት ያቃተኝ፣ ከዛ ለመድነው። ሚስማርም ተመታ፣ ባሌ "ከሐይቅ ትእዛዝ መጣ" እያለ ነው የመታው። እናቴን በተመለከተ ቲቸር እንዳለችው "አስተምረኝ" አለችው፣ ልጁ ደግሞ ምር አድርጎት የድሮ ደብተር ሰጥቷት የቤት ስራ ይሰጣታል፣ እስከ 20 ጽፋለች፣ 8 እምቢ ብሏታል ሁለት ድንች ደራርባ ነው የምትስለው፣ እሱም በቀይ እስኪርቢቶ ኤክስ ያደርግባታል። ቀይ እስኪርቢቶ ከየት እንዳመጣ አላውቅም።

ሰአቱንም እያከበርን ነው፣ አንድ ቀን ብቻ አረፈድን። ባለፈው የቤት ስራ ከአምስት ጥያቄ ሁለቱን ስቶ ይዞ ሄደ፣ እጄን እያሳከከኝ ዝም አልኩ፣ አንዱን ብቻ እንዲያስተካክል ፈልጌ ነበር ግን ተውኩት። ቲቸሯም ፈርማ ከስሩ "ይሄን ነው የፈለግሁት" ብላ ጻፈች።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ላጲስ! በሁለት ሳምንት ስድስተኛ ላጲስ ገዛሁ፣ ሄዶ ሄዶ የት ነው የሚገባው?

ቲቸር ነኝ (ኮምቦልቻ)

አሁን ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ ቆጠርኩት፣ 23 ላጲስ አለ። ወለል ላይ ወድቆ የሚገኝ ነው፣ ይዤ "የማነው?" ስል ማንም የኔ ነው አይልም፣ እንደገና ስል ደግሞ ሁሉም የኔ ነው ይላል። በስቶ ክር አስገቢና አንገቱ ላይ እሰሪለት።