«ግዴታቸውን ተወጥተው ይተኛሉ» በተባለው ንግግር ላይ የተነሣ ክርክር

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦ ባለፈው እሑድ እዚህ ሐዋሳ ለዕጩ ሙሽሮች በተዘጋጀ የትዳር ትምህርት ላይ ተናጋሪው «መተቃቀፍና መደባበስ ጊዜ ለተረፋቸው ሰዎች ነው፤ ሠርተው የሚያድሩ ባልና ሚስት ግዴታቸውን ተወጥተው ይተኛሉ» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ያናደደኝ ንግግሩ ብቻ አይደለም፤ ካጨበጨቡት መካከል ሠርጋቸው የደረሰ ወጣቶች መኖራቸው ነው። ባል ሚስቱን ከመቅረቡ በፊት ጸጉሯን ቢዳብስ፣ ጀርባዋን ቢያሻት፣ ደስ ያላትንና ያላላትን ቢጠይቃት፣ ከዚያም በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳ ከማዞር ይልቅ አቅፏት ቢተኛ ከየትኛው ሥራ ይቀራል?

ሚዛን፦ ወንድሜ፣ ከረጅም ንግግር ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር መዘው ማራገብዎ ፍትሐዊ አይደለም። እኔም አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ተናጋሪው የመከሩት በፊልም ያዩትን ፍቅር እየጠበቁ ትዳር የሚገቡትንና ያንን ሲያጡ ፍቺ የሚጠይቁትን ወጣቶች ነው። ከንጋት እስከ ምሽት ባጃጅ ሲነዳ የዋለ ሰው እራቱን በልቶ መተኛቱ እንደ ጥፋት ሊቆጠርበት አይገባም። ለመሆኑ የጓዳን ገመና አደባባይ ማውጣት ከመቼ ወዲህ ነው እንደ ሥልጣኔ የተቆጠረው?

የሁለት ልጆች እናት፦ ባጃጅ ነጂ ከተጠቀሰ የእኔ ባለቤት ባጃጅ ነጂ ነውና ስለ ድካም የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ደክሞት የመጣ ሰው በልቶ ቢተኛ ማን ይከስሰዋል? ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ለዚያ «ግዴታ» የተገኘው ጊዜ ከየት ተገኘ? ብዙዎቻችን የምናውቀው ድካም ሚስትን ለመዳበስ ሲሆን የሚበረታ፣ ግዴታውን ለመወጣት ሲሆን ግን ድንገት የሚጠፋ ድካም ነው።

አባ መላ፦ ግዴታ የሚለውን ነገር ተናጋሪው ከኪሳቸው አላወጡትም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 7 ላይ ባልና ሚስት አንዱ ለሌላው የሚገባውን እንዲያደርግ አዝዟል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም ጤናን በብርቱ የሚጎዳ ካልሆነ በቀር ባልና ሚስት ግንኙነት ሊኖራቸው እንደሚገባ ይደነግጋል። ሃይማኖትም ሕግም ግዴታ ያሉትን እናንተ እንደ ነውር ስትቆጥሩት አይገርምም?

የሕግ ነገር፦ አባ መላ ከሁለቱም ምንጮች የሚስማማዎትን ግማሽ ብቻ ቀንሰው አመጡልን። ሐዋርያው በዚያው ምዕራፍ የሚጀምረው ባል ለሚስቱ ከሚያደርገው ነው፤ መለያየት ቢኖር እንኳ በሁለቱ ስምምነት እንዲሆን ይናገራል። የቤተሰብ ሕጉም መከባበርንና መደጋገፍን አስቀድሞ ያዛል። ይልቁንስ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ የሚፈጸም ድርጊት አድርጎ ስለሚተረጉመው፣ በገዛ ቤቷ በባሏ የተገደደች ሚስት በዚህ አንቀጽ ልትከስ አትችልም። ሕጉ እንዲህ በሆነበት አገር አዲስ ሙሽራን «ግዴታህን ተወጥተህ ተኛ» ብሎ መምከር ቀልድ አይደለም።

ሚዛን፦ ስለ መደባበስ ስንነጋገር ወንጀል ሕግ ውስጥ ገባን! ቀጥሎ ወደ ሰበር ሰሚ ችሎት ታደርሱናላችሁ።

ነርሷ፦ ነገሩን ወደ ሰውነት ልመልሰው። ጸጉር በሚበቅልበት ቆዳችን ውስጥ ለስላሳ ዳሰሳን ለይተው ወደ አንጎል የሚያደርሱ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። እነዚህ ነርቮች ከሁሉ በላይ የሚነቁት እጅ በሴኮንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ዝግታ ሲሄድ ነው፤ ሲቻኮሉ ምላሻቸው ይቀንሳል። የሴት ሰውነትም ለግንኙነት የሚዘጋጀው ጊዜ ሲያገኝ ነው፤ ካልተዘጋጀ ሕመም ይከተላል፣ በተለይም በምታጠባ እናት ላይ ድርቀቱ ይብሳል። ማስተርስና ጆንሰን የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በፈረንጆች 1970 ይፋ ያደረጉት የባለትዳሮች ሕክምናም የሚጀምረው ግንኙነትን ለጊዜው አቁሞ በየተራ መዳሰስን በመለማመድ ነው።

አባ መላ፦ እንግዲህ ከልብስ ሰፊ ሜትር ተውሰን አልጋችን ራስጌ እንስቀላ! በሴኮንድ 11 ሴንቲ ሜትር የሄደ ባል ቅጣቱ ስንት ነው? አያቶቻችን ያለ አሜሪካዊ ምክር ዐሥር ልጅ አሳድገዋል።

ነርሷ፦ ዐሥር ልጅ መውለዳቸው አያቶቻችን ደስ ይላቸው እንደነበር አያስረዳም፤ እርስዎም ጠይቀዋቸው አያውቁም። ለቀልድ የማይመች ቁጥር ልንገርዎት። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በአገራችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ካሉ ሴቶች 65 በመቶ የሚሆኑት የተገረዙ ናቸው። በዚህ ምክንያት ጠባሳና ሕመም ይዛ ትዳር የገባች ሴት አጠገብ ሲቀርቡ መቻኮል ምን እንደሚያስከትል ላስረዳዎት አይገባም ነበር። «ግዴታውን ተወጥቶ» የሚተኛው ሰው ከተኛ በኋላ ነቅታ የምታድረው ማን ናት?

የፓርክ ሠራተኛ፦ እኔ ግን ከሚዛን ጋር በግማሽ እስማማለሁ። በኢንዱስትሪ ፓርኩ መስመር ላይ ቀኑን ሙሉ ስፌት ስሠራ ውዬ ቤት ስገባ፣ ባለቤቴ ሻማ አብርቶ በዝግታ ሊያጫውተኝ ቢዘጋጅ ደስታዬ አይሆንም፤ ተጨማሪ ፈረቃ ይሆንብኛል። እናንተ ርኅራኄ የምትሉትም ቢሆን ሴቲቱ «አሁን ደስ እንዳለኝ ማሳየት አለብኝ» ብላ የምትጨነቅበት ሌላ ፈተና ሊሆን ይችላል።

ሚዛን፦ ይኸው! ከሴት አንደበት ተሰማ። አሁንስ ምን ትላላችሁ?

የፓርክ ሠራተኛ፦ ሚዛን፣ ቶሎ አይደሰቱ። ግዴታውንም አልወደድኩትም። ያልኩት፣ እግሬን አሽቶልኝ ዝም ብሎ አጠገቤ ቢተኛና ከዚያ በኋላ ምንም ባይጠብቅ ይሻለኛል ነው።

አባ መላ፦ ምንም ሳይጠብቁ መተቃቀፍ ለወንድ ልጅ ቅጣት ነው። ይህንንም የሚያዝ አንቀጽ ሊወጣ ነው መሰለኝ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ቅጣት ከሆነብዎት በዐቢይ ጾም 55 ቀን እንዴት ይሆናሉ? ወይስ ያን ጊዜ ባለቤትዎን በሩቁ ነው ሰላም የሚሏት?

አባ መላ፦ እህቴ፣ ጾምን በዚህ ውስጥ አያስገቡብኝ። በጾም ጊዜ አልጋ የሚለየው ፈተናን ለመሸሽ ነው፤ አባቶች ያስተማሩንም ይህንኑ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ጳውሎስን ያስገቡት እርስዎ ነዎት እኮ። እኔም የምጾም ሰው ነኝ። የማየው ግን ይህንን ነው፤ ከግዴታው በቀር ሌላ መነካካት የማያውቁ ባልና ሚስት ጾም ሲገባ አንድ ቤት እንደተከራዩ ሁለት ሰዎች ይሆናሉ፤ እጅ ለእጅ መያያዝ እንኳ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ደግሞ ማንም ያላነሣውን ላንሣ። እኛ የምንኖረው በአንድ ክፍል ነው፣ ልጆቹ ከመጋረጃ ወዲያ ናቸው፣ ከጎረቤት የሚለየን ቺፑድ ነው። ሰው እንዳይሰማ በሚል ፍርሃት ሁሉ ነገር በጥድፊያ ያልቃል። ተናጋሪው ስለዚህ ቢያነሡ፣ ሙሽሮቹ ከሠርጉ ድግስ ቀንሰው በር ያለው ሌላ ክፍል እንዲከራዩ ቢመክሩ እኔም አጨበጭብ ነበር።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦ ማታ ማታ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወርዳችሁ ብታዩ፣ ገና ያልተጋቡት ተቃቅፈው ይቀመጣሉ፤ ባለትዳሮቹ አንዱ ቀድሞ ሌላው ተከትሎ ያልፋሉ። አሁን ደግሞ ይህን ልማድ በአዳራሽ እናስተምረው ጀመር።

ሚዛን፦ አጋነኑት። ጭብጨባው ተናጋሪው ቀጥለው «አስቀድማችሁ ተነጋገሩ» ካሉ በኋላ የመጣ ነው፤ እርስዎ ግን ለ«ግዴታ» የተጨበጨበ አስመሰሉት።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦ አስቀድሞም ተጨብጭቧል። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተነሥተው ያጨበጨቡትን አላዩአቸውም?

ሚዛን፦ የተነሡት ሻይ ሊጠጡ ነው።

የሕግ ነገር፦ እያጨበጨቡ?