ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እየነቃሁ ብር እደምራለሁ፣ ይሄ በሽታ ነው?

ሰላም ወገኖቼ። ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፣ ባጃጅ እሠራለሁ፣ ዕድሜዬ 34፣ የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ባጃጇን ስገዛ ግማሹን ከብድርና ቁጠባ ግማሹን ከአጎቴ ነው የተበደርኩት፣ አሁን ተደምሮ 180 ሺህ ብር ቀርቶብኛል። መጀመሪያ ጥሩ ትሠራ ነበር ከዛ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ቤንዚን በጥቁር ገበያ በላስቲክ እየገዛን፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደሞ መለዋወጫው አልቀመስ አለ፣ አንድ ቀን ሠርቼ ሦስት ቀን እቆማለሁ።

የኑሮውን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እኔ የምጠይቀው ስለራሴ ነው። ማታ ግቢ ከገባሁ በኋላ ከባጃጇ አልወርድም። መብራቷን አጥፍቼ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዛ በላይ እዛው እቀመጣለሁ፣ ልጆቹ እስኪተኙ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብንን እልና እስኪነጋ እደምራለሁ፣ ይሄን ለዚህ ብከፍል ያንን ከዛ ባመጣ፣ ድምሩ ሁሌ ያው ነው። ባለፈው ሳምንት ትልቁ ልጄ ደብተር አለቀብኝ ሲለኝ ጮህኩበት። ደብተር ነው እኮ የጠየቀኝ። ከዛ ቀን ወዲህ የሚፈልገውን ለእናቱ በጆሮዋ ነው የሚነግራት። ሆዴን በላኝ። ሚስቴ ደሞ የምታውቀው የብድሩን ግማሽ ብቻ ነው። ይሄ ሕመም ነው ወይስ ብር ሲገኝ የሚለቅ ነገር?

የባሕር ዳሩ
ወንድማለም አይዞህ። እኔ የቆርቆሮና ሚስማር ሱቅ ነበረኝ፣ ዘጋሁት። ዕዳውን ቻልኩት፣ ያልቻልኩት ሀፍረቱን ነው። አበዳሪዬ ዕድራችን አንድ ስለሆነ እሱን ላለማግኘት ለቅሶ ቤት መሄድ ተውኩ፣ ከዛ ቤተክርስቲያንም፣ ከዛ ስልኬንም መዝጋት ጀመርኩ። አንድ ሰው ሳያባርረኝ ራሴን ከአገር አስወጣሁ ማለት ነው። በመጨረሻ አጎቴ ሽማግሌ ሆኖ ሄደልኝ፣ ሰውየው ምን አለ መሰለህ፣ መጥፋቱ ነው እንጂ ያናደደኝ ጊዜ ስጠኝ ቢለኝ መች እምቢ እለው ነበር አለ። ዕዳው አንድ ብር አልቀነሰም፣ እንቅልፌ ግን በዛው ሳምንት ተመለሰ። አጎትህ ጋ አንተ ቅደም፣ እሱ እስኪጠይቅህ አትጠብቅ።

ነርሷ
ምሥራቅ ጎጃም ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ተጨነቅሁ ብሎ የሚመጣ ወንድ የለም በሉኝ፣ ጨጓራዬ ነው፣ ራሴን ይወጋኛል፣ ወገቤ ነው ብሎ ነው የሚመጣው፣ ኪኒን ወስዶ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። ስንት ዕዳ አለብህ ብዬ ስጠይቅ ነው ዓይኑ እንባ የሚያቀረው። ጥያቄህን ልመልስልህ። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ቁጣው፣ ምንም ነገር አለማስደሰቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀን በቀን ከቆየ ሕመም ሊሆን ይችላልና መታየት አለበት፣ ብሩ እስኪገኝ አይጠበቅም። ጭንቅላትህም ደክሟል፣ ስንፍና አይምሰልህ። በሕንድ 464 ሸንኮራ አምራች ገበሬዎችን አጥንተው ነበር፣ ያው ገበሬ ምርቱ ሳይገባ ብር ሲቸግረው የማሰብ ፈተናው ላይ ይወርዳል፣ ምርቱ ገብቶ እጁ ላይ ብር ሲኖር ይሻሻላል። እኛም አገር ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት ያየኸውና ጥር ላይ ጤፉን ወቅቶ ያስገባው ሰው አንድ አይመስሉህም። አረቄ ለእንቅልፍ ብለህ እንዳትጀምር፣ መጀመሪያ ያስተኛህና ሌሊት ያነቃሃል። ሌላው፣ በዓለም ራሳቸውን ከሚያጠፉት ወንዶቹ ከሴቶቹ እጥፍ ገደማ ናቸው። ብሞት ይሻላል የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ለነገ ሳትል በዛው ሰዓት ለሰው ንገር፣ ቤት ውስጥ የተባይ መድኃኒት ካለም ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ። እዛው ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ።

የፍኖተ ሰላሟ
እኔ በሚስት በኩል ልናገር። ባለቤቴ እንዲህ ዝም ሲል ሌላ ሴት ይዟል ብዬ ስድስት ወር ነደድኩ። ዕዳ ነው ሲለኝ እግዚአብሔር ያውቃል ደስ ነው ያለኝ። እንጀራ እየጋገርኩ ለሆቴል ማስረከብ ጀመርኩ፣ ቀስ እያልን ነው። ዝምታህን እሷ በምን እንደተረጎመችው አታውቅም ወንድሜ፣ ንገራት።

ጠያቂው
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከባጃጇ ሳልወርድ እሷ ራሷ መጥታ ከኋላ ተቀመጠች። ነገርኳት፣ ሁሉንም። አጎቴ ለካ በግንቦት ነግሯታል፣ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው አለች። ብዙ አለቀስኩ፣ ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሰኞ ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን። ሲስተር፣ ካርድ ሳወጣ ምን ብዬ ነው የምናገረው? እዛ የሚያውቀኝ ሰው አይጠፋም።

ነርሷ
እንቅልፍ እምቢ አለኝ በላቸው፣ ለካርድ ክፍል ይሄ ይበቃል። የቀረውን ለሐኪሙ፣ በር ዘግቶ ነው የሚያናግርህ።