ቤንዚን በሞላሁ ቁጥር አልነሳ ትላለች

እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የቪትዝ መኪናዬ ቼክ ኢንጅን (የሞተር ችግር ማስጠንቀቂያ) መብራት ከበራ ሦስት ሳምንት ሆነው። የሰፈራችን መካኒክ በማሽን ሲያነበው ፒ0441 የሚል የስህተት ኮድ (የቤንዚን ትነት ፍሰት ችግር) አለ። አጠፋልኝ፤ በአራተኛው ቀን ተመልሶ በራ። የታንኩን ክዳን ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም።

አንድ ነገር ግን ጠርጥሬያለሁ። ቤንዚን ከሞላሁ በኋላ ነዳጅ ካልረገጥኩ ሞተሩ አይነሳም። ሌላ ጊዜ ደህና ነው። የቤንዚኑን ትነት ከካኒስተሩ (ከታንኩ የሚወጣውን ትነት ከሚይዘው ዕቃ) ወደ ሞተር የሚያሳልፈውን ቫልቭ ፈትቼ፣ በንጹህ ቱቦ ስነፋበት አየር ያሳልፋል። ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ዝግ መሆን አልነበረበትም እንዴ? መካኒኩ ግን ካኒስተሩ ካልተቀየረ ይላል። ዋጋው ለእኔ ከባድ ነው። ቫልቩን ብቻ ብቀይር ይበቃ ይሆን? ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በእሷ ነው፤ መንገድ ላይ እንዳትቆምብኝ ሰግቻለሁ።