ለትንሽ ኬዝ የሚሆን ግራፊክስ ካርድ፦ የቱን እንግዛ ለምትሉ

ቀጥታ ልግባ። ኮምፒዩተራችሁ ቀጭኑ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ ከሆነ አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋ ሚሞሪውን ግዙ፣ ያውም ሎው ፕሮፋይሉን (ለቀጭን ኬዝ ተብሎ በቁመቱ ያጠረውን)። ኬዛችሁ ትልቁ ሆኖ ደህና ፓወር ሰፕላይ ካለው ግን ባለ ሁለት ፋኑ አጭር አርቲኤክስ 4060 ይሻላችኋል። ለሱ ገንዘቡ ካልሞላ ያገለገለ አርኤክስ 6600 ፈልጉ። ዝርዝሩ ከዚህ በታች አለ፣ ብራችሁን የሚያድነውም እሱ ስለሆነ ታግሳችሁ አንብቡት።

አዲስ አበባ ውስጥ በኮምፒዩተር ጌም የሚጀምር ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚገዛው ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ማሽን ነው። ኮር አይ 5፣ 8 ወይም 16 ጊጋ ራም፣ ንጹሕ፣ ለትምህርትም ለሥራም የሚበቃ። የኳሱን ጌም ኤፍሲን ሲከፍትበት ግን ይንቀራፈፋል። ከዚያ ቴሌግራም ላይ ገብቶ «ጂፒዩ አለ?» ብሎ ይጠይቃል (ግራፊክስ ካርድ ማለቱ ነው)፣ ሻጩም ያለውን ያቀርብለታል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ ሻጩ የሚያውቀው ካርዱን እንጂ የናንተን ኬዝ አይደለም።

ስለዚህ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ካቻቪቴ ያዙና ኬዙን ክፈቱት። መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። ቀጫጭኖቹ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ላይ 180፣ 200፣ 240 ወይም 255 ዋት የሚል ነው የምታገኙት። ቀጥሎ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ እንዳለ እዩ። በነዚህ ማሽኖች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የለም። ከሌለ ካርዱ የሚያገኘው ኃይል ማዘርቦርዱ ላይ ከሚሰካበት ቦታ ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ከ75 ዋት በላይ አይሰጥም።

«ፓወር ሰፕላዩን እቀይረዋለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። የዴልና የኤችፒ ቀጫጭን ኬዞች ግን ፓወር ሰፕላያቸው ቅርፁም ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካው ጫፉም የራሳቸው ነው፣ ከሱቅ የገዛችሁት ተራው አይገባም። ከሃርድ ዲስክ የሳታ ገመድ በአዳፕተር ቀጥለን ለካርዱ እንሰጠዋለን የሚሉ ባለሙያዎችም አሉ። እባካችሁ እንዳታስደርጉት። ያ ጫፍ ያንን ያህል ኃይል ለመሸከም አልተሠራም፣ ይቀልጣል፣ እሳትም ያስነሳል።

ቦታውንም ለኩ። አንዳንድ ሞዴሎች ላይ ረጅሙ መሰኪያ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር ተጠጋግቶ ነው የተሠራው፣ ወፍራም ካርድ አይገባበትም። ርዝመቱንም ከጎን ያለውን ክፍተትም በማስመሪያ ለክታችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ፣ ይዛችሁት ወደ ሱቅ ሂዱ።

ወደ ካርዶቹ ስንመጣ፣ 3050 ባለ 6 ጊጋውን የመረጥኩት 70 ዋት ብቻ ስለሚበላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ነው የወጣው፤ ኤምኤስአይ፣ ጊጋባይትና አሱስ በሎው ፕሮፋይል ሠርተውታል። ተጨማሪ ገመድ አይፈልግም። ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ ቫሎራንትን፣ ኤፍሲንና ጂቲኤ 5ን እንደ ልብ ያጫውታል፣ ከባድ የሚባሉትን አዳዲስ ጌሞች ደግሞ ሴቲንጉን መካከለኛ አድርጋችሁ ዲኤልኤስኤስን (ምስሉን በአነስተኛ ጥራት ሠርቶ የሚያሳድገውን የኤንቪዲያ ዘዴ) ከከፈታችሁ ይሄዳሉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ባለ 8 ጊጋው 3050 ስሙ ተመሳሳይ ነው እንጂ ሌላ ካርድ ነው። 130 ዋት ይበላል፣ የራሱን ገመድ ይፈልጋል፣ ኮሩም (ስሌቱን የሚሠሩት ትንንሽ ክፍሎቹ) 2560 ነው፤ የባለ 6ቱ 2304 ነው። ፈጣኑ ባለ 8ቱ ነው፣ በቀጭኑ ኬዝ ላይ የሚሠራው ግን ባለ 6ቱ ነው። ሻጭ «3050 አለኝ» ሲላችሁ የስንት ጊጋ እንደሆነ ሳትጠይቁ እንዳትንቀሳቀሱ።

ሌላው ላሜራው ነው፣ ካርዱን ከኬዙ ጀርባ ጋር የሚያስረው ብረት። ሎው ፕሮፋይል ካርድ አዲስ ሲሆን ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ላሜራ ይመጣል፣ ረጅሙና አጭሩ። ያገለገለ ስትገዙ ብዙ ጊዜ ካርዱ ላይ ያለው ረጅሙ ብቻ ነው፣ አጭሩ ጠፍቷል። አጭሩ ከሌለ ኬዙ አይዘጋም፣ ካርዱም በብሎን ሳይታሰር ተንጠልጥሎ ይቀራል። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት «አጭሩ ላሜራ የታለ?» በሉ።

ጂቲኤክስ 1650 ሎው ፕሮፋይሉም ያው 75 ዋት ነው፣ 4 ጊጋ ነው፣ ዲኤልኤስኤስ የለውም። ዋጋው በጣም ከወረደ ብቻ ውሰዱት። 1050 ቲአይን ግን አሁን አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ካርድ ነው፣ ኤንቪዲያም ከጥቅምት 2025 በኋላ ለዚያ ትውልድ ካርዶች የሚያወጣው የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ነው፣ ለአዳዲስ ጌሞች የሚሆን ድራይቨር አቁሟል።

አርኤክስ 6400 በ53 ዋቱና በቀጭንነቱ ያጓጓል። ሆኖም ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መስመር 4 ብቻ ነው፣ ፒሲአይ 4 ላይ (ካርዱ የሚሰካበት መስመር አራተኛው፣ ፈጣኑ ትውልድ) እንዲሠራ ነው የታሰበው። ከኢንቴል 10ኛ ትውልድ ጀምሮ ወደ ኋላ ያሉት ማሽኖች ፒሲአይ 3 ስለሆኑ ፍጥነቱን ያጣል። ቪዲዮ ኢንኮደርም ስለሌለው ጌማችሁን እየቀዳችሁ ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ለምትለጥፉ አይሆንም። የኢንቴል አርክ ኤ380ም በሪሳይዛብል ባር (ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሚሞሪ በሙሉ በአንዴ እንዲያገኝ በሚያደርገው የማዘርቦርድ ሴቲንግ) ካልተደገፈ በጣም ይደክማል፣ የቆዩት የቢሮ ማሽኖች ደግሞ ያ የላቸውም። ሁለቱንም እለፏቸው።

ውጭ ሀገር ዘመድ ያላችሁ አርቲኤክስ ኤ2000 ያገለገለ እንዲፈልግላችሁ ጠይቁ። ለዲዛይነሮች የተሠራ ነው፣ ግን ጌም ላይ ከ3050 ባለ 6ቱ ይበልጣል፣ የሚበላውም ያው 70 ዋት ነው። መውጫዎቹ ሚኒ ዲስፕሌይፖርት ናቸው፣ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረውን አብራችሁ አስመጡ።

ትልቅ ኬዝ ላላችሁ፣ 4060ን የምወደው 115 ዋት ብቻ በልቶ ፉል ኤችዲ ላይ ማንኛውንም ጌም በጥሩ ሴቲንግ ስለሚያጫውት ነው። አንድ ባለ 8 ፒን ገመድ ይበቃዋል፣ ባለ ሁለት ፋኖቹ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው። ኤንቪዲያ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው የሚመክረው። ሎው ፕሮፋይሉም አለ፣ ጊጋባይትና አሱስ ሠርተውታል፣ እሱም ግን ያንኑ ገመድ ይፈልጋል፤ «አጭር ነውና ኦፕቲፕሌክሴ ላይ ይሠራል» ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ድክመቱ 8 ጊጋው ነው፣ አንዳንድ አዳዲስ ጌሞች ላይ ቴክስቸሩን ከፍ ስታደርጉት ይሞላል። በብሌንደር 3ዲ የምትሠሩ ወይም ቪዲዮ የምትቆርጡ ከሆነ 3060 ባለ 12 ጊጋው ይሻላችኋል፣ 170 ዋት ቢበላም። 5060 ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 4060 በወጣበት በዚያው በ299 ዶላር ነው። ገበያችን ላይ ልዩነታቸው ትንሽ ከሆነ አዲሱን ግዙ።

አርኤክስ 6600 ጎበዝ ካርድ ነው። 8 ጊጋ፣ 132 ዋት። ያገለገሉት ውስጥ ማይኒንግ ላይ (ክሪፕቶ ገንዘብ ሲቆፈርባቸው) የነበሩ አሉ። ኢቴሪየም የሚባለው ክሪፕቶ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በካርድ መቆፈርን ሲያስቀር ዓለም ላይ ብዙ ካርድ ለሽያጭ ወጥቷል። ማይኒንግ የሠራ ሁሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም፣ ግን ፋኑን በጣታችሁ አዙሩት፣ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ እዩ፣ ግማሽ ሰዓት ጌም አጫውታችሁ ሙቀቱን ተከታተሉ። አርኤክስ 580 «2048ኤስፒ» የሚል ከሆነ ደግሞ ቺፑ የ570 ነው፤ የ580 ዋጋ አትክፈሉበት።

ስለ ማታለል ሳልናገር አላልፍም፣ ምክንያቱም የሚጎዳው ወላጁን ለምኖ ያጠራቀመ ልጅ ነው። የቆየ ካርድ ባዮሱ (ውስጡ ያለው፣ ማንነቱን ለኮምፒዩተሩ የሚናገረው ሶፍትዌር) ተቀይሮ በ1050 ቲአይ ስም ይሸጣል። ዊንዶውስ ላይ ስሙ ትክክል ሆኖ ይመጣል፣ ሻጩም እሱን ያሳያችኋል። እናንተ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስከፍቱት፣ ብዙዎቹን አስመሳዮች ያጋልጣል፣ ስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፍላችኋል። ካርዱ ላይ ሰማያዊው የቪጂኤ ቀዳዳ ካለም ተጠራጠሩ፣ የዚያ ትውልድ ቺፕ የቪጂኤ ሲግናል አያወጣም። ሻጩ «ማሳየት አልችልም፣ መብራት የለም» ካላችሁ መብራት ሲመጣ ተመልሳችሁ ኑ።

በብር ዋጋ አልጻፍኩም፤ ምንዛሬው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የዛሬ ዋጋ ነገ አይሠራም። መገናኛ፣ ቦሌ መድኃኔዓለምና መርካቶ ዞራችሁ ቢያንስ ሦስት ሱቅ ጠይቁ። ዱባይ የሚመላለስ ሰው ካላችሁ ቡር ዱባይ ያለው አል አይን ሴንተር ሙሉውን የኮምፒዩተር ሱቅ ነው። ሜሪላንድና ዲሲ ዘመድ ያላችሁ ሮክቪል ያለውን ማይክሮ ሴንተር ንገሩት። የሚያመጣላችሁ ሰው በእጅ ሻንጣው ይያዘው። ዋስትናው ግን እዚህ እንደማይሠራ አስቡት።

መብራቱንም አትርሱ። ካርዱን ከአሮጌ ዲቫይደር ጋር ከማያያዝ ትንሽ ርካሽ ካርድ ገዝታችሁ ቀሪውን ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ላይ ብታውሉት እመርጣለሁ። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው ተመልሶ ሲመጣ ነው።

ለኔ ማሽን የቱ ይሆናል የምትሉ የኮምፒዩተሩን ሞዴል፣ የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ ፎቶ፣ የስክሪናችሁን መጠንና የምትጫወቱትን ጌም ላኩልኝ። ሁሉንም እመልሳለሁ።