ከጣና ዳር እስከ ኒዬሪ በሞተር፦ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አለ?

የጣና ልጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ሥራዬ የውሃ ፓምፕ ጥገና ነው። ቆጋ መስኖ ላይ ወይም አቸፈር ውስጥ የገበሬ ፓምፕ ሲቆም ይደወልልኛል፣ መፍቻዬን አስሬ በቦክሰሬ እሄዳለሁ። ስድስት ዓመት በዚህ ሞተር ነው እንጀራ የበላሁት።

አሁን አምስት ሆነን ኬንያ ልንሄድ ተስማምተናል። ሦስታችን ቦክሰር ነው ያለን። አንዱ ጓደኛችን ያረጀ ያማሃ ዲቲ አለው። አምስተኛዋ ነርስ ናት፣ አፓቺ ትነዳለች፣ መንገድ ላይ ከሁላችንም የተረጋጋች እሷ ናት። የምንሄደው ለሽርሽር ብቻ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከእኛ አገር ጦርነት ጋር የተያያዙ፣ እዚያ ያሉ ቦታዎችን ማየት እንፈልጋለን። መድረሻችን ኒዬሪ ነው።

ለምን ኒዬሪ? አያቴ የዱርቤቴ ሰው ነው፣ አርበኛ ነበር። የካቲት 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ዳንግላን ለቆ ወደ ባሕር ዳር ሲያፈገፍግ ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ከመቱት አንዱ ነው። ከዚያ ውጊያ ወደ ቤት ይዞ የመጣው አንዲት የአልሙኒየም ምሳ ዕቃ ብቻ ነው። የወታደር ናት። ክዳኗ ላይ በምስማር የተጫረ ስም አለ። የፊተኛው ፊደል ተፍቋል፣ መጨረሻው «ቲኒ» ይላል። ልጅ ሆነን እናቴ የተደለዘ በርበሬ ታስቀምጥባት ነበር። አሁን እኔ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ናት።

አያቴ የዚያን ሰው መጨረሻ አያውቅም። ይሙት፣ ይማረክ፣ ጥሎ ይሽሽ፣ አላየም። «ዕቃውን አገኘሁ እንጂ ሰውየውን አላገኘሁም» ይል ነበር። ስለ ጣሊያኑ እንዲህ በአጭሩ ነበር የሚያወራው። ስለ ራሱ ጓዶች ከጀመረ ግን ሳያለቅስ አይጨርስም ነበር።

አምና ስለ ዱክ ዳኦስታ አነበብኩ። ከግራዚያኒ ቀጥሎ አገራችንን እንደራሴ ሆኖ የገዛው ሰው ነው። ግንቦት 1933 አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠ። እንግሊዞች ኬንያ ወሰዱት፣ የካቲት 24 ቀን 1934 ዓ.ም. ናይሮቢ ውስጥ በምርኮ እያለ ሞተ። የተቀበረው ኒዬሪ ነው። ጣሊያኖች ኋላ ላይ እዚያ የመታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ ከእሱ ጋር ከ600 በላይ የሌሎች ጣሊያኖች አፅም አለ። ይህን ካነበብኩ ጀምሮ ያቺን ምሳ ዕቃ ባየሁ ቁጥር «ቲኒ» እዚያ ይኖር ይሆን እላለሁ። ብዙ ምርኮኛ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ተወስዷል። ስሙን ባላገኘውም ቦታውን ማየት እፈልጋለሁ። ለዱኩ ክብር ልሰጥ አይደለም፣ በዚህ እንዳትቀየሙኝ። አያቴን አምስት ዓመት በረሃ ያኖረው መንግሥት አለቃ የት እንደተኛ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ፣ በቃ።

የምንነሣው ጥምቀትን ባሕር ዳር አክብረን ነው። ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፤ በ1933ም ንጉሡ ከስደት ሲመለሱ የሱዳን ድንበር ላይ ኦሜድላ ገብተው ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት በዚሁ ቀን ነው። እናቴ ይህን ስነግራት «በሉ እንግዲያው ሂዱ» አለች። እስከዚያ ቀን ጉዞውን አልወደደችውም ነበር።

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ግን በሞተር አንሄድም። የመንገዱን ነገር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ሞተሮቹን በአይሱዙ ጭነን ልከን፣ እኛ በአውሮፕላን ሄደን ከአዲስ አበባ መንዳት እንጀምራለን።

ጥያቄዎቼ፦ 150 ሲሲ ሞተር ይህን መንገድ ይችለዋል? ሞያሌ ላይ ለሞተር ምን ወረቀት ይጠየቃል? ከኒዬሪ ሌላ ሳናይ መመለስ የሌለብን ቦታስ የቱ ነው?

የዲላው ሹፌር

ሰላም ወንድሜ። ይህን መንገድ ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ፣ አንዴ በመኪና፣ አንዴ በሞተር። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

ሞተሩ ይችለዋል። ችግሩ ጉልበት አይደለም፣ መቀመጫህ ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሁለት ቀን ልንጨርሰው እንዳትሉ። የመጀመሪያው ቀን ዲላ፣ ሁለተኛው ያቤሎ፣ በሦስተኛው ረፋድ ላይ ሞያሌ። ከሀገረ ማርያም በኋላ የምትነዱት ቀን ብቻ ይሁን፣ ያውም የአካባቢውን ሰው ጠይቃችሁ። ዛሬ ሰላም የሆነ ነገ ላይሆን ይችላል። ግመል አስፋልቱ ላይ ይተኛል፣ ጥሩንባ ብትነፉለት ንቅንቅ አይልም።

ወረቀት። ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድና ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው ኢንሹራንስ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ሁለቱ ቢጫዎች እንዳይምታቱባችሁ፣ አንዱ ለሞተሩ ነው፣ አንዱ ለእናንተ። የኬንያ የመግቢያ ደንብ በየጊዜው ስለሚቀያየር ከመነሣታችሁ በፊት በነበረው ሳምንት አጣሩ። ሞተሩ ተመልሶ እንደሚገባ ጉምሩክ ላይ ሳታስመዘግቡ እንዳትሻገሩ።

ሊብሬው በራሳችሁ ስም ይሁን። የእኔ በወንድሜ ስም ነበር። ውክልና ይዣለሁ ብዬ ተማምኜ ሄድኩ። አንደኛው መስኮት ተቀበለኝ፣ ሁለተኛው «ይህ በቂ አይደለም» አለኝ። አንድ ቀን ተኩል ሞያሌ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ወንድሜ ሌላ ወረቀት አሠርቶ በሰው እስኪልክልኝ ድረስ ማለት ነው። በዚያ ሙቀት ያን ያህል መጠበቅ ሰውን ያደክማል።

ከተሻገራችሁ በኋላ መንገዱ የሚነዳው በግራ ነው። ቀጥታው ላይ አይከብድም። የሚያሳስተው ማለዳ ነው፣ ነዳጅ ቀድታችሁ ስትወጡ። እጃችሁ በልማድ ወደ ቀኝ ይወስዳችኋል። ያቺ ነርስ እህታችን ከፊት ትሁን፣ የተረጋጋ ሰው ነው መምራት ያለበት።

ከሞያሌ ማርሳቢት 250 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ አስፋልቱ ጥሩ ነው። ዲዳ ጋልጋሉ የሚባለው በረሃ ላይ ግን ነፋሱ ከጎን ይገፋል። ትንሽ ሞተር ላይ ሻንጣ ከፍ አድርጎ መጫን አይሆንም፣ ዝቅ አድርጋችሁ ከሁለት ጎን እሰሩ። በየሞተሩ አምስት ሊትር መጠባበቂያ ነዳጅና ውሃ ያዙ። ማርሳቢት ተራራ ላይ ስትወጡ ድንገት ብርድና ጉም ነው፣ ጃኬት ከላይ ይቀመጥ። ኦሮምኛ የሚችል ካላችሁ እስከ ማርሳቢት ቋንቋ አትቸገሩም፣ ቦረና በሁለቱም በኩል ነው ያለው። ከዚያ ኢሲዮሎ፣ ናንዩኪ፣ ኒዬሪ። ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን ታልፋላችሁ፣ ሰማዩ ጠርቶ ከሆነ የኬንያ ተራራ በረዶው ይታያል።

ጥር ጥሩ ወር ነው። እዚያ ትልቁ ዝናብ የሚጀምረው መጋቢት ላይ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሞያሌን ዝም ብላችሁ አትለፏት። ሐምሌ 1932 ጣሊያን የእንግሊዙን ምሽግ ከብቦ የያዘው እዚያ ነው። ጠባቂዎቹ የኬንያና የአካባቢው አገሮች ልጆች ነበሩ፣ በሌሊት ሾልከው ወጡ። ሰው የኬላ ወረፋ ላይ ቆሞ የቆመበትን አያውቅም።

የጣና ልጅ

እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። የእኔ ሊብሬ በስሜ ነው፣ የዲቲው ግን በአጎቱ ስም ነው ያለው። ዛሬውኑ ስም ማዛወር እንጀምራለን። ይህን ባትነግረን ኖሮ ሞያሌ ላይ አንዱን ጥለነው ልንሄድ ነበር።

መምህር ከአባይ ማዶ

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ታሪክ ሳስተምር ነው ዕድሜዬ ያለቀው፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከወጣት ሲመጣ ደስ ይለኛል። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ናይሮቢ ሳትደርሱ አትመለሱ። ከኒዬሪ 150 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ንጎንግ መንገድ ላይ የጦርነቱ መካነ መቃብር አለ። መግቢያው ላይ የምሥራቅ አፍሪካ መታሰቢያ የሚባል ቆሟል። ከኬንያ ተነሥተው ወደ ደቡብ ኢትዮጵያና ወደ ሶማሊያ ሲዘምቱ ሞተው መቃብራቸው ያልታወቀ ወታደሮች የሚታሰቡበት ነው። ጣሊያንን ከደቡብ በኩል ለማስወጣት በእኛ አፈር ላይ የወደቁ ሰዎች ናቸው። አያትህ በጎጃም ሲዋጋ እነሱ በሌላኛው ጫፍ ነበሩ። ዱኩን አይተህ እነሱን ሳታይ ብትመለስ ቅር ይለኛል።

ኒዬሪም የዱኩ አገር ብቻ አይደለችም። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ላይ የተነሡት የማው ማው ታጋዮች መሪ ደዳን ኪማቲ የዚያ አካባቢ ልጅ ነው። እንግሊዞች አቁስለው የያዙት እዚያው ኒዬሪ አጠገብ ነው፣ ጥቅምት 1949 ዓ.ም.። የካቲት 11 ሰቀሉት። እስር ቤት ውስጥ ቀበሩት፣ ዛሬም መቃብሩ ይኼ ነው ተብሎ አልተለየም። አስበው ልጄ። እንደራሴው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስሙ ተጽፎ ተኝቷል። ያገሩ ልጅ የት እንዳረፈ አይታወቅም። ጎጃሜ ሆኖ በላይ ዘለቀን ሳያስብ ይህን የሚሰማ የለም።

ሁለተኛ፣ አያትህ ስለ ጓዶቹ ሲያወራ ያለቅስ ነበር ብለሃል። ስማቸውን ጽፈሃል? የጣሊያኑን ስም ፍለጋ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ልትሄድ ነው፣ አልቃወምም። ግን ከጥር በፊት ዱርቤቴ ሂድና በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎችን ጠይቅ። የክርስትና ስማቸውን ቄሱ ያውቁ ይሆናል። ምሳ ዕቃ እንኳን ስም አላት።

ጋራዥ ቀበሌ 13

ሰላም። እኔ ስለ ሞተሩ ብቻ ነው የምናገረው። ከመነሣታችሁ በፊት ካቴናና ጥርሱን አንድ ላይ ቀይሩ፣ ካቴናውን ብቻ ቀይሮ መሄድ ብር ማቃጠል ነው። ለእያንዳንዱ ሞተር ሁለት ካላማዳሪ፣ አንድ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ገመድ ያዙ። ገመዱን መለዋወጫ አድርጋችሁ ሳይሆን ከአሮጌው ጎን ዘርግታችሁ እሰሩት፣ ሲበጠስ በአምስት ደቂቃ ትቀይሩታላችሁ። ዲቲው በዘይትና በቤንዚን ድብልቅ የሚሠራ ስለሆነ ዘይቱን ከዚሁ ይዞ ይውጣ። በረሃ ላይ በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ፣ ለሞተሩም ለእናንተም። ኅዳር ላይ አምጡልኝ፣ አምስቱንም አይቼ እሰዳችኋለሁ።

የጣና ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዘገየሁት ዱርቤቴ ሄጄ ስለነበር ነው።

ጋሼ መምህር፣ ጥያቄዎን ካነበብኩ በኋላ ሌሊቱን አልተኛሁም። አልጻፍኩም ነበር። አያቴ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ስንት ጊዜ አብሬው ቁጭ ብዬ አንድም ቀን እስክሪብቶ አላነሣሁም። ቅዳሜ ማለዳ ወጣሁ። የአያቴ ታናሽ እህት አለች፣ ዓይኗ ማየት ካቆመ ቆይቷል። ምሳ ዕቃዋን ይዤላት ሄድኩ። እጇ ላይ ሳስቀምጥላት ክዳኗን ዳበሰች፣ ጭረቱን በጣቷ አገኘችው። «የወንድሜ ዕቃ» አለች። ስም ስጠይቃት መጀመሪያ «ረሳሁ» አለች። ቡና ከተጠጣ በኋላ ግን አንድ በአንድ መጣላት። በስም ሳይሆን በቤት ነው የምታስታውሳቸው፣ «ከወንዙ ማዶ ያለው የነ እንትና ቤት፣ ታናሹ ልጅ» እያለች። እኔ እጽፋለሁ፣ ልጇ የአባቱን ስም ይሞላል። ዘጠኝ ሰው አገኘን። ከዘጠኙ አራቱ መቃብራቸው አይታወቅም። አንዱ ከዳንግላ መንገድ ወንዝ ዳር ቀርቷል፣ የቱ ወንዝ እንደሆነ አታውቅም።

ቄሱ ሦስቱን በክርስትና ስማቸው ነገሩኝ። ለሌሎቹ ሌላ ቀን ተቀጣጥረናል።

ጓደኞቼን ትናንት ጣና ዳር ሰብስቤ ይህን ነገርኳቸው። የዲቲው ባለቤት የእሱም አያት ከቡሬ በኩል ዘምቶ እንደነበር የዚያን ጊዜ ነው ያወራን፣ አምስት ዓመት አብረን ስንኖር ተናግሮ አያውቅም። እሱም እናቱን ሊጠይቅ ሄዷል። ነርሷ ናይሮቢን ጨምራ የጉዞውን ቀን በአራት አራዝማዋለች፣ ፈቃዷንም ጠይቃለች።

ጋራዥ፣ ኅዳር 20 ላይ አምስቱንም እናመጣልሃለን።

የዲላው ሹፌር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ማርሳቢት ላይ ሞተር ግቢ ውስጥ የሚያሳድር ማደሪያ ታውቃለህ? ውድ ባይሆን ይሻላል፣ አምስት ነን።