ጥቆማ፦ ጨረቃንና ፕላኔቶችን ከአዲስ አበባ ለማንሳት የቱን ቴሌስኮፕ እናስመጣ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በደንብ አይቼዋለሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምትኖረው፣ ሰርግ የምትቀርጽበት ካኖን 60ዲ አለህ፣ እህትህ ደግሞ ለገና ከሜሪላንድ ትመጣለች። አንድ ነገር ብቻ ታምጣልኝ ብትል የቱ ይሻላል? የፊቱ ስፋት 127 ሚሊሜትር የሆነ ማክሱቶቭ (በወፍራም ሌንስና በመስታወት የሚሠራ ባለ አጭር ቱቦ ቴሌስኮፕ)፣ ሰማዩን በሞተር ከሚከተል ቀላል ማቆሚያ ጋር። ላንተ ከዚህ የሚሻል የለም።

ምክንያቱ ካሜራህ ነው። 60ዲ በቪዲዮ ሜኑው ውስጥ ብዙ ቀራጭ ነክቶት የማያውቅ 640 በ480 የክሮፕ ሁነታ አለው። ምስሉን አሳንሶ ሳይሆን የሴንሰሩን መሃል እንዳለ ቆርጦ ይቀርጻል፤ ለፕላኔት የሚፈለገው ይኸው ነው። 127ቱ ማክሱቶቭ የትኩረት ርዝመቱ 1500 ሚሊሜትር ስለሆነ ጁፒተር በምትጎላበት ወቅት ሴንሰሩ ላይ 75 ፒክስል ያህል ስፋት ይኖራታል፤ ባለ 2 እጥፍ ባርሎ፣ ማለትም ምስሉን የሚያጎላ ተጨማሪ ሌንስ፣ ስትጨምርበት 150 ትደርሳለች። በዚህ መጠን ቀበቶዎቿ፣ ጠቆር ያሉት መስመሮቿ፣ ተለይተው ይታያሉ። ጨረቃ ደግሞ በ1500 ሚሊሜትር 14 ሚሊሜትር ገደማ ስለምትሆን ሙሉዋን በአንድ ፎቶ ታስገባታለህ። ለግማሽ ጨረቃ አይኤስኦ 400፣ ፍጥነት 1/125 ብለህ ጀምር፤ ላይቭ ቪው ከፍተህ በታይመር አንሳ፣ አለበለዚያ የእጅህ ንክኪ ያንቀጠቅጠዋል።

60ዲ የሌላችሁ ካሜራ አከራዮችን 550ዲ ጠይቁ፤ ተመሳሳይ የክሮፕ ቪዲዮ አለው። ለዚህ ሥራ ውድና ትልቅ ሴንሰር ያለው አዲስ ካሜራ መከራየት ገንዘብ ማባከን ነው።

127 ማክሱቶቭ ከሞተር ጋር ሲሸጥ ሁለቱ የታወቁት የሴለስትሮን ኔክስታር 127 ኤስኤልቲ እና የስካይዋቸር ስካይማክስ 127 ከኤዜድ-ጂቲአይ ማቆሚያ ጋር ናቸው። ኦፕቲክሳቸው ተቀራራቢ ነው። የሴለስትሮኑ አሜሪካ ውስጥ በቀላሉ ይገኛል፣ በእጅ መቆጣጠሪያ ይሠራል፤ እግሩ ግን ቀጭን ስለሆነ ንፋስ ሲነካው ይርገበገባል፣ ከሥሩ ክብደት አንጠልጥልበት። ኤዜድ-ጂቲአይ በዋይፋይ ከስልክህ ይታዘዛል፣ ሌላ ጊዜ ለብቻው ነቅለህ ለካሜራ ትጠቀምበታለህ። እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ቲ-ሪንግ (ካሜራውን ከቴሌስኮፑ የሚያገናኝ ቀለበት) እና ባርሎ አብራ እንድትገዛ ንገራት፣ ትንንሽ ቢሆኑም እዚህ ፈልጎ ማግኘት ያደክማል።

ካኖን ለሌላችሁ፣ በስልክ ብቻ ለምትጀምሩ፣ ባለ 130 ሚሊሜትር የጠረጴዛ ዶብሶኒያን፣ ማለትም በሚዞር ሳጥን ላይ የሚቀመጥ ባለ መስታወት ቴሌስኮፕ፣ ይሻላችኋል። ስካይዋቸር ሄሪቴጅ 130 የሚባለው ክብደቱ 6 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፣ ቱቦው ወደ ውስጥ ገብቶ ያጥራል፣ ዋጋውም ከማክሱቶቩ በብዙ ይቀንሳል። ከባድ ካሜራ ግን አይችልም፤ ፎከሰሩ፣ ምስሉን የምታጠሩበት ክፍል፣ እየተጠመዘዘ የሚወጣ ቀላል ዓይነት ነው፣ ካኖን ስታንጠለጥሉበት ይዘማል። ስልክ በአዳፕተር አይፒሱ (በዓይን የሚታይበት ሌንስ) ላይ አስራችሁ ብርሃኑን ቆልፉና ቅረጹ። ያለ ቁልፍ ስልኩ ጁፒተርን ነጭ ነጥብ ያደርጋታል። በኋላ ቀላል የፕላኔት ካሜራ፣ ለምሳሌ ዜድደብሊውኦ 662ኤምሲ፣ ከባለ 3 እጥፍ ባርሎ ጋር ብትጨምሩበት ከእኩዮቹ አይተናነስም።

ግቢ ያላችሁ ሰዎች ሌላ ናችሁ። ባለ 8 ኢንች ዶብሶኒያን ከሁሉም በላይ ዝርዝር ያሳያል፣ መስታወቱ 203 ሚሊሜትር ነው። ችግሩ ማስመጣቱ ነው። ቱቦው ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ሙሉው ከ20 ኪሎ ይበልጣል፣ ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ዋናውን መስታወት፣ ትንሹን መስታወትና ፎከሰሩን ብቻ አስመጥታችሁ ቀሪውን እዚሁ አሠሩት። የዶብሶኒያን ማቆሚያ ሳጥን ነው፤ በኤምዲኤፍ የቁም ሳጥን የሚሠራ ማንኛውም አናጢ ልኩን ከሰጣችሁት ይሠራዋል። መዞሪያው ላይ ፎርማይካ ለጥፉ፣ ከሥሩ ቴፍሎን አድርጉ። ጆን ዶብሰን በ1960ዎቹ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ይህን ዓይነት ቴሌስኮፕ ሲያስፋፋ ከተጣለ እንጨትና ካርቶን ነበር የሚሠራው፤ እዚህ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

የማልመክረው ኢኳቶሪያል ማቆሚያ ነው፤ ዘንጉን ወደ ሰሜን ኮከብ አነጣጥራችሁ ሰማዩን የምትከተሉበት ዓይነት ማለት ነው። የውጭ ቪዲዮዎች ሁሉ ያሞግሱታል፣ የሚያሞግሱት ግን በ40 እና በ50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ቆመው ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ናት። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል ሽሮሜዳና ጉለሌ ላሉት እንጦጦ ሊከልለው ይችላል፤ ማቆሚያውን እስከዚያ ዝቅ ስታደርጉትም የሚዛኑ ዘንግ ከእግሩ ጋር ይጋጫል። ፓወርሲከር 127ኢኪው የሚባለውን ቴሌስኮፕ ደግሞ በርካሽ ቢያቀርቡላችሁም ተዉት። ፎከሰሩ ውስጥ ማረሚያ ሌንስ የተገጠመበት ዓይነት ስለሆነ መስታወቱን ማስተካከል ለጀማሪ ስቃይ ነው።

ያለንበት ቦታ የሰጠንን ጥቅም ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፣ ፕላኔቶችም በእኛ ሰማይ መሃል ሲደርሱ ከ55 ዲግሪ ገደማ በታች አይወርዱም። ለንደን ያለ ሰው ጁፒተር ወደ ደቡብ በምትወርድባቸው ዓመታት ከአድማስ 15 ዲግሪ ላይ፣ በወፍራም አየር ውስጥ ያያታል። እኛ ያኔም ከፍ ብላ እናያታለን፣ በሌሎች ዓመታት ደግሞ አናታችን ላይ ትደርሳለች። ልክ አናት ላይ ስትደርስ ግን አታንሷት፤ ካሜራው ከማቆሚያው እግር ይጋጫል፣ ዶብሶኒያንም እዚያ ለመዞር ያስቸግራል። ከዚያ አንድ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ወይም ዘግይታችሁ ያዟት። የመንገድ መብራት ለፕላኔትና ለጨረቃ ችግር አይደለም፣ የሚጎዳው ቀን የጋለ ቆርቆሮ ነው። ሙቀቱ ማታ ሲወጣ ምስሉ እንደሚፈላ ውሃ ይንተከተካል። ከጣሪያ በላይ አሻግራችሁ አታንሱ፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ይሻላል። ማክሱቶቩን አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ውጭ አስቀምጡት፣ ወፍራም ሌንሱ ቶሎ አይቀዘቅዝም።

ቪዲዮውን የምታቀናብሩበት የኮምፒውተር ፕሮግራም በሙሉ ነፃ ነው። በፒአይፒፒ ፕላኔቷን መሃል አድርጋችሁ ትቆርጣላችሁ፣ አውቶስታከርት ጥርት ያሉትን ፍሬሞች መርጦ ይደርባል፣ ሬጂስታክስ ዝርዝሩን ያወጣል። ጁፒተር በ10 ሰዓት ገደማ አንድ ዙር ስለምትዞር አንዱ ቪዲዮ ከ2 ወይም 3 ደቂቃ አይለፍ።

ጨረቃን በሙላቷ አታንሱ፣ ጥላ የላትም። በሂጅራ ካሌንደር ከወሩ 6ኛ እስከ 10ኛ ቀን ያለው ጊዜ ከሁሉም ይበልጣል፤ ከእነዚህ በመጨረሻዎቹ ቀናት 93 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ኮፐርኒከስ ጉድጓድ ከነግድግዳው ይወጣል።

ገና ላልወሰናችሁ፦ ከመግዛታችሁ በፊት በአንድ ቴሌስኮፕ እዩ። በ1996 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ጋ ጎራ በሉና የሕዝብ ምልከታ መቼ እንዳለ ጠይቁ። እንጦጦ ላይ ያሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ለምርምር ናቸው፣ ለእኛ ሥራ አይጠበቁም።

ወንድሜ፣ እህትህ ደረሰኙን በእጅ ቦርሳዋ ትያዝ፣ ከመነሳቷ በፊትም የጉምሩክን ደንብ አጣሩ። የዕቃውን ጊዜ ደግሞ በዚህ አስላው፦ ሳተርን በመስከረም 2019 መጨረሻ ሌሊቱን ሙሉ ትታያለች፤ ጁፒተርና ማርስ ሁለቱም በየካቲት 2019፣ ሰማዩ በሚጠራበት በበጋ፣ ለምድር ይቀርባሉ። ማርስ በዚህ ዙር ትንሽ ናት፤ ጁፒተር ላይ አተኩር።